ሜሴጁ ተልኳል ይላል ግን ለሰውየው አይደርሰውም፣ ምን ላድርግ?

ታናሽ_እህት፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እባካችሁ የምታውቁ መላ በሉኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንገናኘው በቴክስት ነው፣ ስራ ላይ ስልክ ማንሳት አይፈቀድለትም፣ ኢንተርኔትም ብዙ ስለማይጠቀም ዳታውን ዘግቶ ነው የሚውለው። እናታችንን የማስታምመው እኔ ነኝ፣ የሀኪም ቀጠሮዋን፣ የተቀየረ መድኃኒት ካለ፣ እንዴት እንዳደረች ሁሉንም እየጻፍኩ እልክለታለሁ። ችግሩ አንዳንዱ ይደርሰዋል አንዳንዱ ጭራሽ የለም። እኔ ስልክ ላይ ግን ሁሉም ተልኳል ነው የሚለው። እሱ ለምን አልነገርሽኝም ይላል እኔ ነግሬሃለሁ እላለሁ፣ ስንገናኝ ስልኬን አውጥቼ ሳሳየው እሱም የራሱን አውጥቶ ያሳየኛል እና እውነትም እሱ ጋ የለም። በዚህ ነገር ቤት ውስጥ ቅያሜ እየገባ ነው። ሲግናል ሙሉ ነው፣ ባላንስም አለኝ፣ ብሎክ አድርጎኝ ነው እንዳልል "ደረስክ?" "ደህና ነኝ" የሚሉት በደቂቃ ይገቡለታል። ምንድነው ነገሩ?

ቀስተደመና፦
ስልኩን አጥፍቶ ያብራው፣ ወይ ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ያጥፋው። እኔ ጋ ቆይተው የነበሩ ሜሴጆች እንደዛ ሳደርግ ተግተልትለው ነው የሚገቡት። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ሲግናል_ሰሪ፦
ቀስተደመና ያልከው ልክ ነው፣ ምክንያትም አለው። እኔ የምሰራው ሞባይል ኔትዎርክ ላይ ነው፣ እስቲ ከስሩ ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ተልኳል የሚለውን አምኖ ነው ከወዳጁ ጋር የሚኳረፈው።

እህቴ፣ ቴክስት ካንቺ ስልክ ተነስቶ በቀጥታ ወንድምሽ ስልክ ላይ አይገባም። መጀመሪያ የሚሄደው ሜሴጅ ሴንተር ወደሚባለው የኔትዎርኩ ሲስተም ነው። ሴንተሩ ተቀብያለሁ ሲል ያንቺ ስልክ ተልኳል ብሎ ይጽፍልሻል፣ በቃ፣ ያ ምልክት ከዚህ በላይ የሚነግርሽ ነገር የለም። ሌላው ግማሽ መንገድ ገና አልተነካም። ሴንተሩ የወንድምሽን ቁጥር ይዞ ሆም ሎኬሽን ሬጅስተር የሚባለውን የደንበኞች መዝገብ ይጠይቃል፣ ይሄ ቁጥር አሁን በየትኛው ማዞሪያ (የአካባቢውን ጥሪና ሜሴጅ የሚያስተላልፈው የኔትዎርኩ ክፍል) ስር ነው ያለው ብሎ። መዝገቡ ይነግረዋል፣ ማዞሪያው ደግሞ በዛ አካባቢ ባሉት አንቴናዎች ስልኩን ይጠራዋል፣ ስልኩ አለሁ ካለ ሜሴጁ ይወርድለታል፣ ከዛ ስልኩ ራሱ ተቀብያለሁ ብሎ ይመልሳል። ከነዚህ አንዷ ከተቋረጠች ሜሴጁ ሴንተሩ ላይ ቁጭ ይላል ማለት ነው።

ሪስታርት የሚሰራውም ለዚህ ነው። ስልክ በወጉ ሲጠፋ ለኔትዎርኩ ወጥቻለሁ ብሎ አሳውቆ ነው የሚጠፋው። ባትሪው ከተነቀለ ወይ ሰውየው ምድር ቤት ምናምን ገብቶ ሲግናል ከቆረጠበት ግን ሳያሳውቅ ነው የሚጠፋው፣ መዝገቡ አሁንም እዛው አለ ብሎ ያስባል፣ ይጠራል ይጠራል መልስ የለም። ይሄኔ መዝገቡ ላይ ይህ ሰው የሚጠብቀው ሜሴጅ አለ የሚል ምልክት ይቀመጥና ስልኩ እንደገና ኔትዎርክ ላይ ሲመዘገብ ሴንተሩ ይነገረዋል፣ የተጠራቀመው ይለቀቃል። ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ማጥፋት ይህንን ምዝገባ በግድ ማስደረግ ነው። ሴንተሩም በራሱ መጀመሪያ በደቂቃዎች ልዩነት ይሞክራል፣ ከዛ ክፍተቱን እያሰፋ ይሄዳል። ግን ለዘላለም አያቆየውም፣ ሜሴጅ እድሜ አለው። በስታንዳርዱ ላይ እስከ 63 ሳምንት ድረስ ማቆየት ይቻላል፣ በተግባር ግን አብዛኛው ሴንተር ጥቂት ቀን ጠብቆ ይጥለዋል፣ ሲጥለውም ላኪው ዴሊቨሪ ሪፖርት (ሜሴጁ ተቀባዩ ስልክ ላይ መግባት አለመግባቱን የሚነግር መልስ) ካልጠየቀ በስተቀር ማንም አይነግረውም።

አሁን ይህን መልሺልኝ፣ ዴሊቨሪ ሪፖርት አብርተሻል ወይ? የማይደርሱት ረጃጅሞቹ ናቸው ወይስ ዝም ብሎ ያገኘውን ነው? በምን ፊደል ነው የምትጽፊው?

ጥገና_ነው_ስራዬ፦
የኔትዎርኩን በደንብ አስረዳህ ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ስልክ ስጠግን የማየውን ልንገራችሁ። ሜሴጅ አይገባልኝም ብሎ ሰው ስልኩን ሲያመጣ መጀመሪያ የምከፍተው ስቶሬጁን ነው። ፎቶና ቪዲዮ ግጥም ብሎ ሞልቶታል። አንድሮይድ ውስጡ ያለው ቦታ በጣም ሲያልቅ አዲስ ቴክስት አልቀበልም ይላል፣ ጥሪ ግን እንደድሮው ይገባል ስለዚህ ሰውየው ስልኬ ችግር አለበት ብሎ አይጠረጥርም። ስልኩ ለኔትዎርኩ ቦታ የለኝም ብሎ ይመልሳል ኔትዎርኩም ይህንኑ መዝግቦ ይጠብቃል፣ የማይፈለገውን አጥፍተን ቦታ ስንከፍትለት የቀረው መግባት ይጀምራል፣ እድሜው ያላለፈበት ማለት ነው። በቁልፍ የሚሰሩት ስልኮች ላይ ሜሴጁ ሲሙ ላይ ከሆነ የሚቀመጠው ደግሞ ሲም የሚይዘው በጣም ትንሽ ነው፣ ጥቂት አስሮች ከያዘ በኋላ ይሞላል። ዳር ላይ ፖስታዋ ብልጭ ድርግም የምትለው እሱን ለመናገር ነው፣ ሰው ግን አያስተውላትም።

ሌላው ደግሞ ሁለት ሲም ነው። አብዛኛው ባለሁለት ሲም ስልክ በአንዱ ሲም እያወራህ ሌላኛው ከኔትዎርክ ተቋርጦ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ረጅም ወሬ ላይ ካለህ በሌላኛው ቁጥር የተላከልህ የሚገባው ስትዘጋ ነው። የወንድምሽን ስልክ ስቶሬጅ እንዲያይ ንገሪው እህቴ።

ታናሽ_እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ስቶሬጁን አየ፣ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሲሙም አንድ ነው። ዴሊቨሪ ሪፖርት ጠፍቶ ነበር አሁን አበራሁት። የምጽፈው ሁሌም በአማርኛ ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብ እሱም ያደክመዋል እኔም አልወድም። እና አሁን ስትለኝ ሳስበው አዎ፣ የሚጠፉት ረጃጅሞቹ ናቸው። የሀኪሙን ነገር ስነግረው አንቀጽ ሙሉ ነው የምጽፈው።

መልስ_ፈላጊ፦
ወሬውን ላለማዞር ነበር ግን የኔም እዚሁ ይግባ። ሰው የላከልኝ ሁሉ ይደርሰኛል፣ የማይደርሰኝ የማረጋገጫ ኮድ ብቻ ነው። አካውንት ልከፍት ስል ኮድ ልከንልሃል ይለኛል፣ ምንም የለም፣ እንደገና ላክ የሚለውን ስጫን ስጫን ቆይቶ አንድ ይመጣል፣ ሳስገባው ስህተት ነው ይለኛል።

የሶፍትዌር_ልጅ፦
መልስ_ፈላጊ እኔ እንደዚህ አይነት ኮድ የሚልክ አፕ ላይ ስለሰራሁ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ እንደገና ላክ የሚለውን ደጋግመህ አትጫን። አብዛኛው ሲስተም አዲስ ኮድ ሲያወጣ የበፊቱን ይሰርዛል፣ አንተ ጋ ደግሞ ዘግይቶ የገባው የመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ ስህተት ቢልህ አይገርምም። ከበዛ ደግሞ ሲስተሙ ቁጥሩን ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋዋል።

ኮድ ከሰው ቴክስት የሚለየው በመንገዱ ነው። አፑ ራሱ አይልክም፣ ለአንድ አገናኝ ድርጅት ይሰጣል፣ እሱም ለሌላ አገናኝ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ መጨረሻ ላይ ነው ያንተ ኔትዎርክ ጋ የሚደርሰው። መሀል ላይ አንዱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ያልተፈቀደ መንገድ ከተጠቀመ ያንተ ኔትዎርክ ማጣሪያ ይይዘውና ይጥለዋል። በጣም የሚያናድደኝ አንዳንዱ አገናኝ ሳይደርስ ደርሷል የሚል የውሸት ሪፖርት መመለሱ ነው፣ እኛ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ነው ተጠቃሚው ግን ባዶ እጁን ነው፣ ሰው ወደ አካውንቱ መግባት አቅቶት እየተጨነቀ እኛ ሪፖርት እያየን ደርሶሃል ስንለው ያሳፍራል።

አንተ በኩል የምታየው፣ ቁጥሩን ስታስገባ የአገር ኮዱ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ፣ ከአገር ኮዱ በኋላ ዜሮ እንዳትጨምር፣ ከዛ ሜሴጅ አፑ ውስጥ ስፓምና ብሎክ የሚለውን ክፈተው፣ እዛ ተደርድሮ ልታገኘው ትችላለህ። አይፎን ከሆነ የማይታወቁ ላኪዎች የሚለው ዝርዝር ውስጥ እይ። ድሮ የማስታወቂያ ሜሴጅ ሲሰለችህ አቁም ብለህ የላክህለት ወይ ብሎክ ያደረግከው አጭር ቁጥር ካለ ኮዱም በዛው ቁጥር ይሆናል የሚመጣው። አማራጭ ካለው በስልክ ጥሪ ንገረኝ የሚለውን ምረጥ፣ ወደፊት ደግሞ ኮዱን ስልክህ ላይ ራሱ የሚያወጣ ኦተንቲኬተር አፕ ብታስገባ ከሜሴጅ ጥበቃ ትገላገላለህ።

እና ይህን ሁላችሁም አንብቡት፣ በአንድ ጊዜ ሲግናልም ጥሪም ሜሴጅም ጭራሽ ከጠፋባችሁና የአጠገባችሁ ሰው ስልክ እየሰራ ከሆነ ኔትዎርክ ነው ብላችሁ አትተኙ። ሌላ ሰው ቁጥራችሁን በሌላ ሲም አስወጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ከዛ በኋላ የባንክ ኮዳችሁ የሚገባው እሱ ጋ ነው። ወዲያው በሌላ ስልክ ደውላችሁ ለኔትዎርክ ድርጅታችሁም ለባንካችሁም አሳውቁ።

ሮማን_ነኝ፦
ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የቀየረ ሰው ካለ ይህን ይወቅ። ጓደኛዬ ስልክ ከቀየረች በኋላ ከአይፎን ከሚጽፉላት ሰዎች ምንም አይደርሳትም ነበር፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳታል። ቁጥሯ አሁንም አይሜሴጅ ላይ ተመዝግቦ ስለቀረ ነው፣ የአይፎን ሰዎች ሲጽፉላት በቴክስት ሳይሆን በኢንተርኔት፣ አሁን ወደማትጠቀምበት አይፎኗ ነበር የሚሄደው። አፕል በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ቁጥርን ከአይሜሴጅ የሚያስወጣ ገጽ አለው፣ ቁጥሯን አስገባች፣ በቴክስት የመጣውን ኮድ ጻፈች፣ አለቀ። የድሮው አይፎን እጅሽ ላይ ካለ ደግሞ ሲሙን ከማውጣትሽ በፊት ሴቲንግ ውስጥ አይሜሴጅን ማጥፋት ነው።

ቀስተደመና፦
አንድሮይድ ላይም አርሲኤስ የሚባለው ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። በኢንተርኔት ነው የሚልከው፣ ተቀባዩ ዳታ ከሌለው ይንጠለጠላል። ወደ ቁልፍ ስልክ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ እሱን ያጥፋው።

ሲግናል_ሰሪ፦
ታናሽ_እህት የጻፍሽውን ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ትንሽ ሂሳብ አለበት ግን ታገሺኝ፣ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነገር ነው።

አንድ ቴክስት የሚይዘው 140 ባይት ነው (ባይት የመረጃ መጠን መለኪያ ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው)። ቴክስት ሲፈጠር የራሱ ሰፊ መንገድ አልተሰራለትም፣ ኔትዎርኩ ጥሪ ለማገናኘት በሚጠቀምበት የምልክት መስመር ላይ ባለው ክፍት ቦታ ነው እንዲሄድ የተደረገው፣ የመጀመሪያው የተላከው በህዳር ወር ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን 1992፣ እስካሁንም ልኩ ያው ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ 7 ቢት ብቻ ስለሚፈልግ በ140 ባይት ውስጥ 160 ይገባል። የኛ ፊደል ግን አንዱ ሁለት ሙሉ ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ የሚገባው 70 ነው። ለምሳሌ "ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለ፣ አደራ እንዳትረሳ" የሚለው ክፍት ቦታውና ነጠላ ሰረዙ ተቆጥሮ 25 ነው፣ እንደሱ ያለ ሶስት አረፍተ ነገር ከጻፍሽ አንድ ሜሴጅ አልፈሻል። ከ70 ሲያልፍ ስልክሽ ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ይህ ከስንት ስንተኛው ነው የሚል መለያ ስለሚጨመርበት የሚቀረው 67 ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን 153። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ 150 የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ መሀሉ ላይ አንዲት የአማርኛ ፊደል ወይ ኢሞጂ ብታስገቢ ሙሉው ወደ 70ው ልክ ይቀየርና ሶስት ቁራጭ ይሆናል።

ቁራጮቹ ለየብቻቸው ነው የሚጓዙት። አንዱ ከቀረ ብዙ ስልክ የተቀሩትን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ጎደሎውን አያሳይም፣ ተቀባዩ ምንም አልመጣልኝም ይላል፣ እውነቱን ነው።

ያንቺ ግን ከዚህም ያለፈ ይመስለኛል። አንዳንድ ስልኮች ቁራጩ ሲበዛ፣ ብዙ ጊዜ ከሶስት ሲያልፍ፣ ላኪውን ሳይጠይቁ ሜሴጁን ወደ ኤምኤምኤስ ይቀይሩታል። በ67 ስናሰላው ሶስት ቁራጭ ማለት 201 ፊደል ነው፣ የሀኪም ነገር ለሚያስረዳ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ኤምኤምኤስ ደግሞ ፎቶ የሚላክበት መንገድ ነው፣ ጽሁፉ ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ተቀባዩ ስልክ በሞባይል ዳታ ያወርደዋል። ያንቺ ዳታ ክፍት ስለሆነ ካንቺ ይወጣል፣ ተልኳልም ይላል። ወንድምሽ ዳታ ዝግ ነው። ስልኩ ወይ አውርድ የምትል አንድ መስመር ያሳየዋል ወይ ጭራሽ ምንም አያሳየውም። ረጅም ነገር ጽፈሽ ሳትልኪው መላኪያው ቁልፍ አጠገብ ኤምኤምኤስ የምትል ጽሁፍ ትመጣ እንደሆነ እይ።

አመለወርቅ_ዘ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ኔትዎርኮቹ ሜሴጁን ሲጥሉት ለላኪው ዝም ማለታቸው ነው። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2019 አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ ኔትዎርኮች መሀል ሜሴጅ የሚያቀባብል አንድ ሰርቨር ተበላሽቶ ከ160 ሺ በላይ ቴክስት እዛው ቀረ፣ ማንም አላወቀም። በኖቬምበር ሰርቨሩ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ሌሊት ለተቀባዮቹ ተለቀቀ። በመሀል የሞተ ሰው ሜሴጅ ሌሊት የደረሳቸው ሁሉ ነበሩ፣ ደንግጠው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ላኪዎቹ ደርሷል ብለው ነው የኖሩት። ሰው በዚህ ነገር ፍቅሩንም ስራውንም ሊያጣ ይችላል፣ አልደረሰም ብሎ መንገር ያን ያህል ከባድ ነው?

ሲግናል_ሰሪ፦
አመለወርቅ ቅሬታሽ ትክክል ነው። ቴክኖሎጂው መንገር ይችላል፣ ዴሊቨሪ ሪፖርት እሱ ነው፣ ችግሩ ብዙ ስልክ ላይ ጠፍቶ መምጣቱ ነው። እኔ ከመጀመሪያው በርቶ መምጣት አለበት ባይ ነኝ። ግን ሪፖርቱም የሚነግርሽ ስልኩ ላይ ገባ ብቻ ነው፣ ሰውየው አነበበው ማለት አይደለም። ተቃራኒውም አለ፣ አንዳንዴ ሴንተሩ ተቀብሎ ሳለ መልሱ ላኪው ጋ ሳይደርስ ይጠፋና ስልክሽ አልተላከም ይላል፣ ደግመሽ ስትልኪ ሰውየው ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

ታናሽ_እህት፦
እናንተዬ ተገኘ! የእናቴን የላብራቶሪ ውጤት እንደምነግረው አድርጌ ረጅም ጻፍኩ፣ ገና እየጻፍኩ እያለ ከመላኪያው ጎን ኤምኤምኤስ የሚል ብቅ አለ። ስንት ጊዜ እዛ ቦታ ላይ አይኔ ሲያርፍ ኖሯል፣ ሰው ግን ካልነገረሽ አታይውም። ለወንድሜ ደውዬ ማታ ዳታውን እንዲከፍት ነገርኩት፣ ሜሴጅ አፑን ከፍቶ የቀሩትን አንድ በአንድ ሲያወርድ ቆየ። ሁሉም አልተገኙም፣ የቆዩት ጊዜያቸው አልፏል አለው። የተገኙትን ግን ቁጭ ብሎ አነበባቸው፣ ከዛ ደወለልኝና "ለካ ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ ነበር" አለኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ሲግናል_ሰሪ እናትህን ይባርክልህ፣ ሌላ የምለው የለኝም። አሁን ሴቲንግ ውስጥ ረጅም ሜሴጅ ወደ ኤምኤምኤስ ይቀየር የሚለውን አጥፍቼዋለሁ፣ በቁራጭ ይሂድለት።

ጥገና_ነው_ስራዬ፦
እሰይ! እናታችሁን ፈጣሪ ይማርልሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለወንድሞችሽ በሙሉ በአንድ ላይ ግሩፕ አድርገሽ የምትልኪ ከሆነ እሱም ብዙ ስልክ ላይ በኤምኤምኤስ ነው የሚሄደው፣ አጭር ቢሆንም።

ታናሽ_እህት፦
እንዴ፣ በዓል ሲሆን ሁላችንንም የማስገባበት ግሩፕ አለ እኮ። እዛም አይደርሰውም ማለት ነው?

ጥገና_ነው_ስራዬ፦
ዳታው ዝግ እስከሆነ ድረስ አይደርሰውም። ሴቲንግ ውስጥ ግሩፕ ሜሴጅ የሚለውን ክፈቺና ለእያንዳንዱ ለየብቻ ላክ የሚለውን ምረጪ፣ አንዴ ጽፈሽ ለሁሉም በተራ ቴክስት ይሄዳል። መልሱ ግን ላንቺ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እነሱ እርስ በርስ አይተያዩም። እሱ ካልተስማማሽ ግሩፑን ለሌሎቹ ትተሽ ለወንድምሽ ብቻ ለብቻው ላኪለት።